ሳይፈስ የቀረው ውሃ

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ በመዝገቡ ተይዟል፤ በሥራ ቦታው «መምህር» ይባላል
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፤ አሁን በወተት ፋብሪካ የውሃና የነዳጅ ቆጣሪ አንባቢ
አድራሻ፦ ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከሟች ጋር በአንድ ግቢ
ከሟች ጋር ያለው ዝምድና፦ ታላቅ ወንድም
ቃሉ የተሰጠበት፦ በወሩ 14ኛ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

እኔ ምስክር ስለ ቦይለሩ መፈንዳት የማውቀውን ተጠይቄ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

ፋብሪካው በቀን አንድ ሺህ አምስት መቶ ሊትር ወተት አፍልቶ ያሽጋል። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ስለሚመጣ፣ እኔ የተቀጠርኩት ውሃና ነዳጅ እንዲቆጠብ ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቆጣሪ አነባለሁ። በዋዜማው ለአንድ ሊትር ወተት ስንት ሊትር ውሃ እንደወጣ አካፍዬ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ስጀምር 4.1 ነበር። የወተት ማቀዝቀዣውን ውሃ ለወለል ማጠቢያ አዋልን፤ የሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎችን አስጠገንን። በስምንት ወር 2.6 ደረሰ። የሥራ መሪው የሚፈልገው 2.5 ነው።

ለወተቱ ማፍያ እንፋሎት የሚያመነጨውን ቦይለር የሚይዘው ታናሽ ወንድሜ ነበር። በየማለዳው የታችኛውን ቧንቧ ከፍቶ ዝቃጩን ከፍል ውሃው ጋር ያፈሳል፤ የውሃውን ልክ የሚያሳየውን መስታወትም ያጥባል። የሚፈሰውን በበርሜል ለክቼዋለሁ፤ መቶ ሃምሳ ሊትር ነው። በብክነት ዝርዝሬ ላይ በቀይ ጻፍኩት። ወንድሜ ዝርዝሩን አይቶ ለማሸጊያ ሠራተኞቹ «ጋሼ የዝንብ ጠንጋራ ያውቃል፤ ጠብታም አታመልጠው» ብሎ ቀለደ። ውሃው ለምን እንደሚፈስ አልጠየቅሁትም።

በወሩ 2ኛ ቀን ቁጥሩ 2.5 ሆነ። ወንድሜ ሰሌዳው ሥር ቆሞ «ጋሼ፣ ዛሬስ አለፍኩ?» አለኝ። ልጅ ሳለ ሒሳብ አስተምሬዋለሁ፤ ከመቶ ሠላሳ በላይ አግኝቶ አያውቅም። «ጎበዝ» አልኩት። «ስታረጅ እጅህ ተፈታ እኮ!» ብሎ ሳቀ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር፣ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ አሠራሩን ላላሳየኝ ተማሪ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። ከ2.6 ወደ 2.5 ለመውረድ በቀን መቶ ሃምሳ ሊትር መቀነስ አለበት። ይህን ስሌት የሠራሁት ከቀብሩ በኋላ ነው።

በ11ኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20 ማሸጊያ ክፍል ሳለሁ ፍንዳታ ሰማሁ። የቦይለሩ ክፍል በር ተገንጥሎ ግቢው መሃል ወድቆ ነበር። ወንድሜን አራት ሆነን ከእንፋሎቱ ውስጥ አወጣነው። ሐኪም ቤት ሳንደርስ 4፡50 ላይ አረፈ። ሰዓቴን አይቻለሁ።

በማግስቱ ከቀብር መልስ የፋብሪካው መካኒክ ቦይለሩን ከፍቶ አሳየኝ። ዝቃጭ ተከምሯል፤ ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ተጣብቋል። የመስታወቱም መተላለፊያ ተደፍኖ ስለነበር፣ ውሃው አልቆ ሳለ ሙሉ ያሳይ ነበር። «ከዐሥር ቀን በላይ ዝቃጩ አልወጣለትም» አለኝ።

የሥራ መሪው የጻፈውን ደብዳቤ መርማሪው አንብቦልኛል። «ሟች በስንፍና የዕለት ተግባሩን ባለመፈጸሙ» ይላል። ወንድሜ ሰነፍ አልነበረም። ያንን ቧንቧ ዐሥራ አንድ ዓመት በየማለዳው ከፍቷል። የተወው እኔ በቀይ ስለጻፍኩበት ነው። ሁለት ልጆች አሉት፤ ደብዳቤውን አንድ ቀን ያነቡታል። የኔም ቃል አብሮ እንዲገኝላቸው እፈልጋለሁ።

ዛሬም በልማድ በአንድ ሰዓት ተኩል ቆጣሪውን አነበብኩ። ከሰኞ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም።

ቃሌ ተነብቦልኛል። መርማሪው «መምህር፣ በቀይ ጻፍኩ ያሉት እርስዎንም ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ልሰርዘው?» ሲለኝ፣ አሠራሩ ይታይ፣ አይሰረዝ ብያለሁ። የሰፈረው ሁሉ ያየሁትና ያደረግሁት ነው፤ የጨመርኩበትም ያስቀረሁትም የለም ስል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________