ከአዲሱ ቀለም በታች

መኪናዋ ከመገዛቷ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ለሆስፒታል የሰፋችውን አንሶላ በጥቅል እያሰረች በኪራይ መኪና ጣሪያ ላይ ታስጭናለች። ዝናብ ሲጥል ላይ ላዩ ይርሳል፤ የራሰውን የሆስፒታሉ ዕቃ ቤት ኃላፊ አይረከባትም። በመጨረሻም፣ «እንደገና እርጥብ ጥቅል ከመጣ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን» አላት። በሥሯ የሚሠሩ ሦስት ሴቶች ስላሉ ጉዳዩ የእሷ እንጀራ ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ጥቅሉን ውስጧ የምትይዝ አሮጌ ዝግ መኪና ልታይ ወደ መኪና መሸጫ ግቢ ሄደች። በሩ ላይ ከአጎቷ ጋር ተገጣጠሙ። አጎቷ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው፤ ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ምክራቸውም ሁልጊዜ የተዘጋጀ።

«አንቺ ልጅ! ምን እግር ጣለሽ?»

«መኪና ልገዛ ነው፣ ጋሼ።»

በአቅሟ የሚገዙ ሁለት መኪኖች ነበሩ። አንዷ ነጭ፣ ቀለሟ ገና የሚሸት፤ ሌላዋ ፀሐይ ያደበዘዛት አረንጓዴ፣ በሯ የተጨረመተ።

«ነጯን ውሰጂና ተመስገን በይ» አሉ አጎቷ። «በዚያች ጭርምት ሰፈር ስትገቢ ሰው ምን ይላል?»

«ጥቅሉ ደረቅ ነው ይላል።»

መኪኖቹን ወደሚያሻሽጠው ደላላ ዞረች። «ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው የምታስነሳልኝ፤ የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል። ከዚያ መካኒኬ ከሥር ገብቶ ያያል።»

ደላላው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እህቴ፣ አላመንሽኝም ማለት ነው?»

«ልጄ፣ የሰው ፊት አታጥቁሪ» አሉ አጎቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጨዋ ሰው ቃል ይቀበላል እንጂ መኪና ሥር አይንፏቀቅም።»

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ እንዳይቀየመው ብሎ የራሱን ዓይን ይጨፍናል።

«ጋሼ፣ ጨርቅ ስገዛ ወደ ብርሃን ዘርግቼ ነው የማየው። እስከ ዛሬ የተቀየመኝ ነጋዴ የለም። ቢቀየምም ይቀየም!»

ይህን ብላ የወደቀ መርፌ የምትለቅምበትን ማግኔት ከቦርሳዋ አወጣች። ነጯ መኪና ጣሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ ጥብቅ አለ። በሩ ግርጌ ላይ ስታደርገው ግን ተንሸራትቶ ወደቀ።

«ማግኔቱ ደክሞት ይሆናል» አለ ደላላው።

«ጣሪያው ላይ ሲሆን በርትቶ፣ እዚህ ሲደርስ ደከመው?»

አጎቷ ማግኔቱን ነጠቋት። በዚያ በተወለወለ ጫማቸው ቁጢጥ ብለው እሳቸውም ሞከሩ፤ ወደቀባቸው። «ብረቱ የት ሄደ?»

«ዝገት በልቶት ነዋ። በስቱኮ ሞልተው ቀለም ቀቡት።»

አረንጓዴዋን ዙሪያዋን ሞከሯት፤ የተጨረመተው በሯ ላይ ሳይቀር ማግኔቱ ያዘ። መካኒኩ መጥቶ በቀዝቃዛው አስነሳት፤ ከሥርም ገባ። የፍሬን ሸራዋ አልቋል፣ ፍሪሲዮኗ ይንሸራተታል፣ ራዲያተሯ ያፈሳል፤ መላ አካሏን የተሸከመው ብረት፣ ሻንሲዋ፣ ግን ጤነኛ ነው አለ።

«ይኸው! በሽተኛ ልትገዢ ነው» አሉ አጎቷ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ሸራ ይቀየራል፣ ፍሪሲዮን ይቀየራል። የበሰበሰ ሻንሲ በምን ይቀየራል? የማውቀውን በሽታ አሳክመዋለሁ፤ በቀለም የተደበቀውን ግን የማገኘው መንገድ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ ነው። የጥገናው ወጪ ከዋጋው ይቀነስልኝ፤ ፍሬኗ ሳይሠራም ከዚህ በራሷ አትወጣም።»

ደላላው ሰዓቱን አየ። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፤ እሱ ይህን ሁሉ አይጠይቅም።»

አጎቷ ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሱ። «ይምጣ! ወንበር አቅርብለት። እኔ ራሴ ማግኔቱን አውሰዋለሁ!»

ደላላው ቀነሰ።

ሳይመረምር የሚገዛ ሰው ጥገናውን የሚከፍለው ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ነው፤ መርምሮ የገዛ ግን የሚጠብቀውን አውቆ ይገባበታል። ልብስ ሰፊዋም ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑንና ራዲያተሩን አሠርታ ሥራ ጀመረች። የበሩ ጭርምት እንዳለ ነው። በዚያ ክረምት አረንጓዴዋ መኪና በአንድ ጉዞ አሥራ ስድስት ጥቅል ትጭን ነበር፤ ከሆስፒታሉ የተመለሰ እርጥብ ጥቅል አንድም የለም።