አንድም አይጥፋ

(ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ የሞባይል ሱቅ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፤ ልጇ አበጋዝ መስከረም ላይ በጅቡቲ በኩል ወደ አረብ አገር እንደወጣ ድምፁ የጠፋባት ወይዘሮ እታለማሁ፣ ስምንት ቀን ዘግቶ የሰነበተውን ባለሱቅ ኑርዬን ገና ሲከፍት ደርሳበታለች፤ አስፋልቱ ዳር አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃታል።)

እታለማሁ፦ አንዲት ፎቶ ነው ያልኩህ ኑርዬ! አንዲት! ሱቅህን በሙሉ ስጠኝ አላልኩ!

ኑርዬ፦ እትዬ እታለም፣ ኔትወርክ የለም አልኩዎት እኮ።

እታለማሁ፦ ጎረቤትህ ጫማ ሻጩ ቪዲዮ እያየ ይንከተከታል። ኔትወርኩ አንተን ብቻ ነው የሚጠላው?

ኑርዬ፦ የሱ ሌላ ነው።

እታለማሁ፦ ታመመ ብለውኝ ቤትህ ድረስ አጥሚት ይዤ መጣሁ። ሚስትህ ደህና ነው አለችኝ።

ኑርዬ፦ ትንሽ አሞኝ ነበር።

እታለማሁ፦ ዛሬም ፊትህ ፊት አይደለም። ግን ሾፌሩ ቆሟል፤ ጥሩምባው ይሰማሃል? ጅቡቲ ገብቼ ታጁራም ኦቦክም፣ የአገራችን ልጅ ባለበት ሁሉ ፎቶውን እያሳየሁ እጠይቅልሻለሁ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ዳግመኛ አላገኝም።

ኑርዬ፦ ያው... ፎቶው የሚቀመጥበት አካውንት ሞልቷል እትዬ።

እታለማሁ፦ ጎተራ ሲሞላ እህል የለም ይባላል እንዴ?

ኑርዬ፦ በነጻ የሚሰጡት አስራ አምስት ጊጋ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስልክ የገዛኝ ሁሉ ኢሜይል የለኝም ሲለኝ በራሴ ኢሜይል እየከፈትኩ ሰጠሁ። አርባ ሰው ይሆናል። የአርባ ሰው ሰርግ፣ ክርስትና፣ መውሊድ አንድ ላይ ተደራርቧል።

እታለማሁ፦ ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ነው። ማን ተሸከም አለህ?

ኑርዬ፦ የይለፍ ቃል ረሳን እያሉ ይመላለሱብኛል። ልገላገል ብዬ ነዋ!

እታለማሁ፦ ይሁን። አሁን የኔን አውጣልኝ። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥምቀት ላይ የሚስቅባትን።

ኑርዬ፦ ቤት ሌላ ፎቶ የለዎትም?

እታለማሁ፦ የስምንተኛ ክፍል ጉርድ ፎቶው አለች። ጢሙ እንኳ አልወጣም፤ በሷ ማን ያውቀዋል? ሚያዝያ ላይ ስልኬ ዝናብ ገብቶት ሲሞት "አይዞዎት፣ ስልኩ እንጂ ፎቶው አልሞተም፤ ሁሉም እላይ ኢንተርኔቱ ውስጥ ተቀምጧል" ያልከኝ ማን ነው?

ኑርዬ፦ እኔ ነኝ።

እታለማሁ፦ እኮ ከላይ አውርድልኛ!

ኑርዬ፦ ጥቅምት ላይ ለምኜዎት ነበር። ቦታ አለቀ፣ ረጃጅሞቹን ቪዲዮዎች እናጥፋ አልኩዎት። ካልሆነ ፍላሽ ላይ ልገልብጠው ብልዎት ፍላሽ ይጠፋል አሉኝ።

እታለማሁ፦ አዎ ብያለሁ! አንድም አይጥፋ ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ሲጨፍር፣ ሲበላ፣ ተኝቶ ሲያንኮራፋ የቀረጽኩት ሁሉ የልጄ ነው።

ኑርዬ፦ ግማሹን ቦታ የያዘው የርስዎ ነው እኮ።

እታለማሁ፦ ይያዛ! ባለቤቱ እስኪመጣ ቦታውን ይያዝለት።

ኑርዬ፦ እትዬ... አጥፍቼዋለሁ።

እታለማሁ፦ ምኑን?

ኑርዬ፦ ሁሉንም። የአበጋዝን በሙሉ። ቦታ ላስለቅቅ ስል ጠፋ። ይርገሙኝ፣ ይስደቡኝ፤ የለም በቃ። ሾፌሩን ያሰናብቱት።

እታለማሁ፦ የቆጡን አወርድ ብለህ የብብቴን ጣልክብኝ?

ኑርዬ፦ አዎ።

እታለማሁ፦ ዓይኔን እያየህ አዎ ትለኛለህ? ሲሄድ ስልኩን የከፈትክለት አንተ! "ኑርዬ፣ እናቴን አደራ" ያለህ አንተን!

ኑርዬ፦ ብሎኛል።

እታለማሁ፦ አደራ በላ!

ኑርዬ፦ አደራ በላ ነኝ። ይሂዱ አሁን።

እታለማሁ፦ እሄዳለሁ። ሾፌሩ ለልጄ ያድርስልኝ ብዬ የቋጠርኩት በሶ ለኔ መንገድ ስንቅ ይሆናል።

ኑርዬ፦ የት ነው የሚሄዱት?

እታለማሁ፦ ጅቡቲ ነዋ! ፎቶው ከጠፋ ፎቶው እኔ ነኝ። አገሩ ሁሉ እናትና ልጅ ፊታችሁ አንድ ነው ይለን የለም? ሾፌሩ በቆመበት ሁሉ ወርጄ "ይህን የመሰለ ፊት አይታችኋል?" እላለሁ።

ኑርዬ፦ እትዬ፣ እብደት ነው! ከድንበር ይመልሱዎታል።

እታለማሁ፦ ከመለሱኝ በእግሬ አልፋለሁ። እሱስ በእግሩ አይደል የሄደው?

ኑርዬ፦ ውሃ የለውም እኮ! የወጣቱን ጉልበት የጨረሰ በረሃ ነው!

እታለማሁ፦ የማንን ወጣት ጉልበት?

ኑርዬ፦ ሲባል ሰምቼ ነው።

እታለማሁ፦ የኔ ልጅ ጠንካራ ነው። ምልክትም አስሬበታለሁ። ሲሄድ መቀነቴን ለሁለት ቀድጄ ግማሹን በወገቡ ጠመጠምኩለት። ሌላው ግማሽ ይኸው፣ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ... ምነው? ምን አየህ?

ኑርዬ፦ ምንም።

እታለማሁ፦ መቀነቴን ስታይ ደምህ ከፊትህ ሸሸ።

ኑርዬ፦ ምንም አይደለም አልኩዎት።

እታለማሁ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አጠፋሁት ያልከኝ ውሸት ነው።

ኑርዬ፦ ወላሂ እትዬ...

እታለማሁ፦ አትማል!

ኑርዬ፦ እሺ። ውሸት ነው። አንድም አልጠፋም። እባክዎ በርጩማው ላይ ይቀመጡ።

እታለማሁ፦ ቆሜ እሰማሃለሁ።

ኑርዬ፦ የአበጋዝ ስልክም ያው በኔ ኢሜይል ነው። የተነሳበት ፎቶ ሁሉ ዋይፋይ ሲያገኝ ወደዚህ ይመጣል፤ ቦታ ካለ። ያለፈው ሳምንት ለአንድ ደንበኛ ትንሽ ቦታ ላገኝ ብዬ የራሴን የሰርግ ቪዲዮ አጠፋሁ። ሰዓት ሳይሞላ አምስት ፎቶ ገባ። ከሱ ስልክ።

እታለማሁ፦ ተመስገን! ከልጄ ስልክ! ይህን ነው ስምንት ቀን የደበቅከኝ? አንተ ክፉ!

ኑርዬ፦ እትዬ፣ ያነሳው እሱ አይደለም።

እታለማሁ፦ ማነው ታዲያ?

ኑርዬ፦ አብሮት የነበረ ሰው ነው። ቤተሰብ ይወቅ ብሎ መሰለኝ። መታወቂያውን ስሙ እንዲነበብ አድርጎ በደንብ አንስቶታል። ፊቱን አንስቷል። ከዚያ የተከመረ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ መቀነት ታስሯል።

እታለማሁ፦ ቀይና አረንጓዴ?

ኑርዬ፦ ቀይና አረንጓዴ።

እታለማሁ፦ ዓይኑን ከድነውለታል?

ኑርዬ፦ ከድነውለታል።

እታለማሁ፦ ስልክ ቀን ይጽፋል አይደል? መቼ ይላል?

ኑርዬ፦ ኅዳር አስራ ሁለት።

እታለማሁ፦ በሚካኤል። እኔ ያን ዕለት ደጁ ቆሜ ልጄን ጠብቅልኝ እለው ነበር። አሁን ሰኔ ነው።

ኑርዬ፦ ስልኩን የያዘው ሰው ዋይፋይ አጥቶ ይሆናል እኮ...

እታለማሁ፦ አታባብለኝ። ቦታ አልነበረም በለኝ።

ኑርዬ፦ ቦታ አልነበረም።

እታለማሁ፦ ሰባት ወር ሙሉ ልጄ በር ላይ ቆመ። እኔ ደግሞ ጭፈራውን አቅፌ አንድም አይጥፋ እላለሁ። ወይኔ! ወይኔ እናቱ!

ኑርዬ፦ እንዲህ አይበሉ! አንዷን ኢሜይል ለአርባ ሰው ያደልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

እታለማሁ፦ ጥሩምባው አሁንም ይጮኻል። ያን ደግ ሰው ሂድ በለው። በሰላም ያግባህ ብላሃለች በለው።

ኑርዬ፦ ...ነገርኩት፣ ሄዷል። በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ፣ ያልቅሱ። ውሃ ይኸውልዎት።

እታለማሁ፦ ያ የሰርግህ ቦታ አሁንም ክፍት ነው?

ኑርዬ፦ አምስቱ እንደገቡ ሌላው ገብቶበት ያኔውኑ ሞላ።

እታለማሁ፦ አበጋዝን ጨምሮ አብረው የወጡት ሰባት ናቸው። ስልካቸውን ማን ከፈተላቸው?

ኑርዬ፦ እኔ። የሰባቱንም።

እታለማሁ፦ የስድስቱም እናቶች እንደኔ ይጠብቃሉ።

ኑርዬ፦ ይጠብቃሉ።

እታለማሁ፦ አምስቱን አትንካ። ለለቅሶው የጥምቀቷን ተውልኝ። ሌላውን አጥፋ፤ የነሱም ይግባ።

ኑርዬ፦ ጭፈራውንም? ቆይ እትዬ፣ መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ልገልብጠው። በዚህ ኔትወርክ ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው።

እታለማሁ፦ ሰባት ወር እኔ ያዝኩ፣ ስምንት ቀን አንተ ደበቅክ። ሁለት ቀን አልጨምርም።

ኑርዬ፦ የተሰረዘው ከሚጠራቀምበት ቅርጫትም ካላጠፋሁት ቦታ አይለቅም። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም እኮ!

እታለማሁ፦ ከቅርጫቱም አጥፋ። ሲጨፍርም፣ ሲበላም፣ ሲያንኮራፋም፣ አንድም አይቅር። ጀምር ኑርዬ፤ የሰው ልጅ በር ላይ ቆሟል።