የኦርቪል ድረ ገጽ ከፍለጋ የጠፋ ጊዜ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የስንብት ምሳ ላሰናዳችሁልኝ፣ በተለይም የዱር ሩዝ ሾርባውን በዚህ በረዶ ከቤቷ ይዛ ለመጣችው ለሥራ አስኪያጃችን ለኮሊን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ዱዌይን ከኋላ ሆኖ "ማርጂ ንግግሯንም ሳትፈትሽ አትናገርም" ሲል ሰምቻለሁ። ልክ ነው፤ ፈትሼዋለሁ።

አንዳንዶቻችሁ ከመሄዴ በፊት የሥራችንን ምስጢር እንድነግራችሁ ጠይቃችሁኛል። ድረ ገጽን በፍለጋ ውጤት ወደ ላይ የሚያወጣ ምስጢር ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም። በምስጢሩ ፈንታ የአንድ ደንበኛችንን ጉዳይ ላንሣ።

ኦርቪል ሊንድግሬን እዚሁ ዱሉት ከተማ ውስጥ የቤት ማሞቂያ የሚጠግን ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ ድረ ገጽ ሠራንለት። ገጹ አማረ፤ ስልኩ ግን ዝም አለ። ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ሥራው በሚጧጧፍበት ወቅት፣ ኦርቪል ኮፍያውን ሳያወልቅ ቢሯችን ገባ።

"የድሮው ገጼ አስቀያሚ ነበር፤ ግን ያበላኝ ነበር" አለን። "እስከ ኅዳሩ የምስጋና በዓል ስልኩ ካልጮኸ ሁለቱን ሠራተኞቼን አሰናብታለሁ። ቀጥሎ ሱቁን እዘጋለሁ።"

ለስብሰባ ተቀመጥን። ያልተባለ ነገር ነበር? አንዱ የፍለጋ ሞተሩ ስሌቱን ቀይሯል አለ። ሌላው ደግሞ ተፎካካሪው ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ ራሱ የሚመሩ ሊንኮችን እየገዛ ነውና እኛም እንግዛ አለ። እኔ ከሁሉም አሰልቺ የሆነውን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ "ገጹ ለፍለጋ ክፍት ነው?"

"ማርጂ፣ ቤት ሲቃጠል አንቺ ክብሪት ትቆጥሪያለሽ" አለኝ ዱዌይን።

"እሺ፣ እየቀለድክም ቢሆን እየው።"

አየው። ያላለቀ ገጽ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት የሚከለክል አንድ መስመር ትእዛዝ እናስገባለን። ገጹ ሥራ ሲጀምር ያ መስመር መነሣት ነበረበት። አልተነሣም። ኬክ ቆርሰን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ የሰውየውን በር እንደቆለፍን ወደየቤታችን ሄደናል።

ዱዌይን "ይህን ለኦርቪል ማን ይነግረዋል?" አለ። ኮሊን ስልኩን አንሥታ፣ አንዲት ቃል ሳታለዝብ ነገረችው። አለቃዬ በመሆኗ የኮራሁት ያን ቀን ነው።

መስመሩን አነሣነው። ገጹ ወደ ፍለጋ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ማንም ወርዶ ወደማያየው የውጤቱ ግርጌ ነበር። ስለዚህ ወደ ሱቁ ሄጄ፣ ስልክ ከምታነሣው ከኦርቪል ባለቤት ከቨርና አጠገብ ተቀመጥሁ።

"ሰዎች ሲደውሉ ምን ይሉሻል?"

"ምን ይሉኛል? 'ማሞቂያዬ ቀዝቃዛ አየር ይተፋል' ይሉኛል። ሌላው 'ይነሣና ይጠፋል' ይላል። ያንን ገጹ ላይ የጻፋችሁትን 'የተቀናጀ የሙቀት መፍትሔ' አምጡልኝ ያለ ሰው ግን እስካሁን አልደወለም።"

የገጾቹን ርእስ በደዋዮቹ ቃል ጻፍነው። ለእያንዳንዱ ብልሽት ራሱን የቻለ ገጽ ሰጠን፤ በገጹም ላይ እውነተኛ መልስ አኖርን። በደነዘዘ ጣት ስልክ የያዘ ሰው አይታገሥምና ከባዶቹን ፎቶዎች አቀለልናቸው። "እዚህ ይጫኑ" የሚለውን፣ ወዴት እንደሚወስድ በሚናገር ቃል ተካነው። በየድረ ገጹ የተዘበራረቀውን አድራሻና ስልክ አንድ ዓይነት አደረግነው። ሊንክ አልገዛንም።

ልማዴ አንድ ነገር ለውጦ ውጤቱን መጠበቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለዚያ ጊዜ አልነበረንም። ስለዚህ የትኛው ለውጥ ምን ያህል እንደሠራ በእርግጠኝነት ልነግራችሁ አልችልም። በድምሩ ስለመሥራቱ ግን ጥርጥር የለኝም።

ከምስጋና በዓል በፊት ባለው ሳምንት ኦርቪል ደወለልኝ።

"ማርጂ፣ ቨርና እየረገመችሽ ነው።"

"ደግሞ ምን አጠፋሁ?"

"ምሳዋን መጉረስ አልቻለችም። ስልኩ አላስቀምጥ አላት።"

ሁለቱ ሠራተኞች ዛሬም እዚያው ናቸው። አንደኛው ባለፈው ሰሞን እኔ ቤት መጥቶ ማሞቂያዬን ጠግኖልኝ ሄዷል፤ በዚያች ሰዓት ስለ ሥራችን ጥቅም ማንም ሊከራከረኝ አይችልም ነበር።

እንግዲህ ልሰናበት። አንደኛ ትወጣለህ ብላችሁ ለማንም ቃል አትግቡ፤ ያ ሥልጣን የለንም። የሰውን በር ከፍቶ ማሳየት ግን ትችላላችሁ፤ ይህንንም በሚገባ እንደምትችሉ ዓይቼ ነው የምሄደው።

በሰላም አብራችሁኝ እንደሠራችሁ በሰላም ቆዩልኝ። ደጃችሁ ፈላጊ አይጣ፤ የፈለጋችሁም አይጣችሁ። የደከማችሁበት ይባረክ፤ ልጆቻችሁ ይደጉ፤ ክረምቱ ምንም ቢከፋ ቤታችሁ ይሙቅ።