ጳጉሜን የዘለለው ማሽን

መልከጸዴቅ በፈረንጅ አገር፣ ሲታክ ኤርፖርት በር ላይ ቫኑን አቁሞ መንገደኛ ሲጠብቅ፣ ከፖሊሱም ከዝናቡም አብልጦ የሚፈራው የገዛ አፍንጫውን ነበር። ሰው አፍንጫውን ይፈራል እንዴ? ይፈራል። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማንም ክብሪት ሳይጭር፣ የጠፋ ክብሪት ጭስ ሸትቶታል። መጀመሪያ ጓሮው ሣር ሲያጭድ ነው፤ ራሱን ያገኘው መሬት ላይ ተዘርሮ ነበር። ሁለተኛው ሬንተን ከተማ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ ሲነቃ ከኋላው ያሉት መኪኖች ክላክስ ያደርጉበታል። ደግነቱ ቫኑ ባዶ ነበር።

ጭሱ ምን እንደሆነ አላጣውም። አገር ቤት አጎቱ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ሲወድቅ ጎረቤት ሮጦ ክብሪት ያሸትተዋል፤ ከዚያ እንዳይጋባበት ሁሉም እጁን ይታጠባል። ያንን እያየ ያደገ ሰው በሽታውን ቢደብቅ አይፈረድበትም። ደብቆ ሰው ጭኖ ፈጣኑ መንገድ ፍሪዌይ ላይ ሲወጣ ግን ይፈረድበታል፤ መልከጸዴቅም ይህን ስለሚያውቅ መሪ በጨበጠ ቁጥር አየሩን ያሸትት ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እሱ ግን ጠጪ ስላልሆነ ምስጢሩ ለባለቤቱ ለየውብዳር እንኳ አልወጣም። ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› እያለ ጎረቤት የሚመክረው ግን እሱ ራሱ ነው።

የዚያን ቀን ሻንጣ እየጎተቱ ብቅ ያሉት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሻሻቸውን በወጉ ያሰሩ ሴት ነበሩ። ወይዘሮ ቢልቂስ ይባላሉ። ሾፌሩ ሐበሻ መሆኑን ሲያዩ የኋላውን ወንበር ትተው ከጎኑ ተቀመጡ። ሌላ ተሳፋሪ አልነበረም።

«እትዬ ቢልቂስ፣ ለቪዚት ነው የመጡት?» አላቸው ፍሪዌይ ሲገቡ።

«ለሥራ ነው፣ ወንድሜ። ጡረታ ወጥቼ ነበር፤ ይኸው የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ጣጣ ከቤቴ ጎትቶ አወጣኝ። ሬንተን ያለ አንድ ካምፓኒ የድሮ ፕሮግራሞቹን እንዳነብለት ጠራኝ። በእኛ ዘመን ቋንቋ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው እየጠፋ ነው።»

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር 1999 ነበርና፣ አዲሱ ዓመት ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ያብዳል፣ አውሮፕላን ይወድቃል የሚለውን ወሬ መልከጸዴቅ ከየተሳፋሪው ሰምቶ ነበር።

«ሶ፣ እርስዎ ፕሮግራመር ነዎት? ዓለም ይጠፋል የሚሉት እውነት ነው?»

«ዓለም እንኳ አይጠፋም። ድሮ ቦታ ለመቆጠብ ብለን የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ጻፍን። ዘጠና ዘጠኝ አልቆ ዜሮ ዜሮ ሲመጣ ማሽኑ ወደ ሺህ ዘጠኝ መቶ የተመለሰ ይመስለዋል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ሁሉ አዋቂ እያወቀ ዝም ማለቱ ነው።»

መልከጸዴቅ ‹እያወቀ ዝም› የሚለውን አልወደደውም። ጨዋታ ለመለወጥ፣ «በዚያ ዘመን ሴት ልጅ እንዴት ኮምፒውተር ቤት ገባች?» ሲል ጠየቀ።

«አገር ቤት ካርድ እንድበሳ ተቀጥሬ ነዋ። ያኔ ፕሮግራም ወፍራም ወረቀት ላይ በቀዳዳ ነበር የሚጻፈው። የምበሳው ምን እንደሚል ማወቅ አማረኝ፤ እያነበብኩ ተማርኩ፣ ኋላም እኔው ጻፍኩ። በመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም የጻፈች ሴት ከኔ በፊት አልነበረችም። ሥራችን የተማሪ ፈተና ውጤት ማውጣት ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ እያለቀሰች መጣች። ወድቀሻል ተብላለች፤ እሷ አልወደቅኩም ትላለች። መቼ ተወለድሽ ብላት ጳጉሜ ሦስት አለችኝ።»

«የሩፋኤል ዕለት።»

«አዎ። አለቃችን ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ነው፤ ፕሮግራሙን ሲጽፍ ወሮቹን አሥራ ሁለት አደረጋቸው። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣበት ማሽኑ የልጁን ውጤት ሳይቆጥር ዘሎት ያልፋል። ጳጉሜ የተወለደ ሁሉ ወደቀ ማለት ነው።»

መልከጸዴቅ ፍርሃቱን ረስቶ ሳቀ። «ሐበሻ ሆኖ ጳጉሜን ይረሳል?»

«ይረሳል። የራስህን ጽሑፍ ስታነብ ዓይንህ የሚያነብልህ ያሰብከውን ነው። እሱ ደግሞ ካርዱን ለማንም አያሳይም፤ ስህተቴን ካዩ ይንቁኛል ባይ ነው። ብነግረው ተቆጥቶ መዝገብ ቤት ወረወረኝ። በኋላ ወላጆች ጮኸው ነገሩ ሲገለጥ፣ እዚያው መዝገብ ቤት ድረስ መጣና አዲሱን ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ‹እዪልኝ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰው ‹እዪልኝ› ሳይባል ካርድ ማሽን አይገባም። እኔም ሥራዬን ሁሉ የሠራሁት በዚህች ቃል ነው።»

ያቺ ቃል መልከጸዴቅን ወጋችው፤ የተወጋ ሰው ደግሞ ይከራከራል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና እትዬ፣ ይህ ለካርድ ይሆናል። እኛ ‹ከሰው ዓይን ያውጣህ› እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ካርድ ስህተት ሲገኝበት ይለወጣል። ሰውስ ሲገኝበት በምን ይለወጣል?»

«ደግ ጠየቅክ። ግን ዓይን ሁሉ አንድ ነው? የሚበላ ዓይን አለ፤ የሚጠብቅ ዓይን አለ። የሚበላውን ፈርተህ በሩን ስትዘጋ የሚጠብቅህም ውጭ ይቀራል።»

«አንድ የማውቀው ሰው አለ» አለ መልከጸዴቅ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ‹የማውቀው ሰው› ሁላችንም እናውቀዋለን። «የሚጥል በሽታ አለበት። ቢናገር የመንጃ ላይሰንሱን ይቀሙታል። ሴት ልጅ አለችው፤ ዘሯ ሲጠየቅ ማን ያገባታል? ቤተሰቡን ላድን ብሎ ቢደብቅ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ይነዳል?»

መልከጸዴቅ የጎን መስታወቱን አስተካከለ።

«የሚነዳ ከሆነማ» አሉ ወይዘሮ ቢልቂስ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ልጁን ሊያገባ የሚመጣው ሰው ስለ አባቷ ሲጠይቅ በሽታውን ማን ያነሳለታል? የሚነግሩት አባቷ የገደላቸውን ሰዎች ነው።»

ያኔ የጠፋ ክብሪት ሸተተው።

ከቀኙ ረጅም የጭነት መኪና ይሄዳል። ከፊቱ ባለው መኪና የኋላ መስታወት ሁለት ሕፃናት እጃቸውን ያወዛውዙለታል። ‹ያልፋል፣ ዝም በል፣ መውጫው ኤግዚት ቅርብ ነው› የሚል ሐሳብ መጣለት፤ እስከዚያን ቀን ሲታዘዝ የኖረው ይህን ሐሳብ ነበር። ሕፃናቱን አየ፤ እነሱን ገድሎ መኖርን ከሁሉ አብልጦ ፈራው።

«እትዬ ቢልቂስ» አለ። ምላሱ ከብዶታል። «ያ ሰው እኔ ነኝ። አሁን እየመጣብኝ ነው። ይዩልኝ።»

«ሲግናል አሳይ። ጭነቱ ይለፍ። አሁን ወደ ቀኝ ግባ። ፍሬን ያዝ። ፓርክ አድርግ። ቁልፉን ስጠኝ።»

አንድ በአንድ ታዘዘ። ትዝ የሚለው ቁልፉ ከእጁ እስኪወጣ ድረስ ነው።

ሲነቃ ቀበቶው ተፈትቶ በጎኑ ተኝቷል። ካፖርታቸውን አጣጥፈው ከራሱ ሥር አድርገውለታል። መጀመሪያ በዓይኑ የፈለገው እጃቸውን ነበር፤ ትከሻው ላይ አገኘው።

«አምቡላንስ ጠርቻለሁ» አሉት። «አሁን ለባለቤትህ ኮል እናድርግ።»

ከሐኪሙም ከፖሊሱም ይልቅ ይህን ስልክ ፈራ። የውብዳር አነሳች።

«የውብዬ፣ አንድ የደበቅኩሽ ነገር…»

«ዛሬም መጣብህ?» አለችው።

ሣር ሲያጭድ የወደቀ ዕለት በመስኮት አይታው ነበር። እንዳያፍር ብላ ዝም አለች፤ እሱም እንዳትደነግጥ ብሎ ዝም አለ። ባልና ሚስት ባንድ አልጋ ተኝተው፣ አንድ ፍርሃት ለየብቻቸው ታቅፈው ከረሙ።

እንግዲህ በመናገር የተገኘውን ጥቅም እናውራ። ሐኪሙ ክኒን አዘዘለት፤ ጭሱም ጠፋ። ለጊዜው መንዳት ተከልክሎ ቢሮ ተቀምጦ ቫኖቹን የሚያሰማራ ሆነ፤ ደመወዙ ቀንሷል፣ ይህንንም አንደብቅም። ከሚያውቁት አንዳንዶቹ ራቁት። ሌሎች ሁለት ደግሞ ቀስ ብለው መጥተው «እኔም» አሉት፤ ሐኪም ዘንድ ይዟቸው ሄደ። ልጁ ሶልያና አባቷ ምን እንዳለበት ለሚጠይቃት ሁሉ ራሷ ትናገራለች፤ ሰምቶ የሚሸሽ ባል ከወዲሁ ቢሸሽ ይሻላል ትላለች። እነዚያ ሁለት ሕፃናትም ከኋላቸው ምን ይመጣ እንደነበር ሳያውቁ ቤታቸው ገቡ።

ትልቁ ጥቅም ግን የየውብዳር ነው። ያን ሁሉ ወር ሌሊት እጇን ደረቱ ላይ ታሳርፍ ነበር፤ እሱ ፍቅር መስሎት ነበር፣ እሷ ግን ትንፋሹ እንዳይቋረጥ ትጠብቅ ነበር። አሁን ጀርባዋን ሰጥታው ታንኮራፋለች።