ሁለቱ አባ መብረቅ

አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ሰናይት፣ በስደት ባለንበት ከተማ ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር እኔ ቤት እጮኛዋን ይዛልኝ መጣች። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «ያላ ሙሽራው፣ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ቁጠር!» አልኩት። ልጁ ቆጥሮ ቆጥሮ አምስተኛው ላይ «አባ መብረቅ» ሲል ክው አልኩ። የኛም አምስተኛ አባ መብረቅ ነዋ! «ኻላስ! እህትና ወንድም ናችሁ፣ ሠርግ የለም!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ አንገቱን ደፋ።

ሰናይት ግን ወላሂ እንባ የለ፣ ጩኸት የለ! ስልኳ ላይ ያገራችን ልጆች ዘር የሚጠያየቁበት ግሩፕ አላት፤ «አጎቴ ቆጥሮ ከለከለን» ብላ የሁለቱንም ቆጠራ እዛ ጻፈችው። ሻዩን ሳንጨርስ አንድ አዛውንት ካገር ቤት በድምፅ መለሱላት። እኔ ሞኙ፣ ለስልክ ብድግ ብዬ ቆምኩላችሁ! «ልጄ፣ አባ መብረቅ የፈረስ ስም ነው፤ ብዙ ጀግና ተጠርቶበታል። የናንተው ሰውዬ ትክክለኛ ስማቸው ተሰማ፣ የልጁ ደግሞ ወርቁ ነው፤ አይዛመዱም፣ ተጋቡ» አሉ። እኔ እፎይ ብዬ ልቀመጥ ስል ቀጠሉ፦ «ለዛ ለቆጠረው አጎትሽ ደግሞ ንገሪው፤ ሰባት ቤት የሚቆጠረው በሰው ነው እንጂ በፈረስ አይደለም!»