በአክስቴ ካርድ ላይ «አምስት መስመር» ብዬ ስለመጻፌ

የምስክር ቃል መቀበያ
ምስክር፦ 2ኛ (ስሙ በተለየ መዝገብ ተይዟል)
ዕድሜ፦ 38
ሥራ፦ በግል የዓይን ክሊኒክ የእይታ መርማሪ
አድራሻ፦ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ከተጎጂዋ ጋር በአንድ ቤት
ቀን፦ መጋቢት 4፣ ከጠዋቱ 3፡30

ዛሬ ጣቢያ የቀረብኩት ሳልጠራ በራሴ ፈቃድ ሲሆን፣ ቃሌን የምሰጠውም ማንም ሳያስገድደኝ ነው።

ተጎጂዋ የእናቴ እህት ስትሆን፣ ያሳደገችኝ እሷ ነች። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው፣ ሬቲና የሚባለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን መሳሳት ሁለቱንም ዓይኖቿን ስለያዛት የምታየውን ነገር መሀሉን ታጣዋለች። የፊቴን ዳር ዳር እያየች «አፍንጫህን የት ጥለኸው መጣህ?» ብላ ትቀልድብኝ ነበር። የክሊኒኩ ሐኪም ከሆድ ስብ ስቴም ሴል የሚባለውን፣ ወደ ሌላ ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ አውጥቶ ዓይን ውስጥ በመርፌ መስጠት ሲጀምር፣ ሕክምናው ገና ሙከራ ላይ መሆኑን እያወቅኩ እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ።

ጥር 20 ቀን ግራ ዓይኗ ተወጋ። በክሊኒኩ አሠራር ሁለተኛው ዓይን የሚወጋው የመጀመሪያው መሻሻሉ በእኔ ምርመራ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የካቲት 6 ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ገደማ ቀኝ ዓይኗን ሸፍኜ የግድግዳውን የፊደል ሰሌዳ እንድታነብ ጠየቅኳት። ቀደም ሲል ከአንድ መስመር አታልፍም ነበር። የዚያን ቀን አምስቱንም መስመር ሳትደናቀፍ አንበለበለችው። እኔ በዚያን ሰዓት የምርመራ ካርዷን ከሰሌዳው ሥር ካለው ጠረጴዛ ለማንሳት ሰሌዳው ፊት ቆሜ ነበር። በጀርባዬ የጋረድኳቸውን ሁለት መስመሮችም አነበበችልኝ።

ታካሚ ፊደሉን እንዳይሸመድድ ሰሌዳውን በየጊዜው መቀየር ሥራዬ ሆኖ ሳለ፣ ሌላ ፊደል ያለበትን ሁለተኛውን ሰሌዳ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ስድስት ወር አላወጣሁትም። አክስቴ አብረን ወደ ቤት እንድንሄድ ከክፍሌ በር አጠገብ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ፣ ያ ሁሉ ታካሚ ሲያነብ ትሰማለች። ሌላውን ሰሌዳ ማውጣት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ነገር ግን ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ፤ የእሷም ፊት በርቷል። ያንን ማፍረስ ከበደኝ፤ በሥራ ባልደረቦቼ ፊት አክስቴ ትዋሻለች ማለትም አሳፈረኝ። ካርዱ ላይ «አምስት መስመር» ብዬ ጻፍኩ።

በዚሁ ካርድ መሠረት የካቲት 13 ቀን የተሻለ የምታይበት ቀኝ ዓይኗ ተወጋ። በአራተኛው ቀን ሬቲናው ከቦታው ተላቀቀ። ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ቢደረግላትም አልተመለሰም። ግራውም ከመጀመሪያው ምንም አልተሻለውም። ዛሬ ከመኝታ ቤቷ ወደ ሽንት ቤት የምትሄደው ግድግዳ እየዳበሰች ነው።

ትናንት ለመርማሪው «ፊደሉን ሸምድጄ ያታለልኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ ምንም አያውቅም» የሚል ቃል መስጠቷን ነገረችኝ። «ይቅር በለኝ፣ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው» ብላም አለቀሰች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሆኖም «ግድ የለም እትዬ» አልኳት እንጂ እውነቱን አልነገርኳትም። ካደረግኩት ሁሉ ይበልጥ የማፍረው በዚህ ነው። አላታለለችኝም፤ አውቄ ነው የጻፍኩት። ፊት ለፊት ልነግራት ስላልደፈርኩ፣ መርማሪው ቤታችን መጥቶ ይህን ቃል እኔ ባለሁበት እንዲያነብላት እጠይቃለሁ።

ከላይ እስከ ታች ተነቦልኛል። የተጻፈው እኔ ያልኩት ነው፤ የተጨመረበትም የተቀነሰበትም የለም። እውነት ስለመሆኑ ፈርሜበታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________