የአባ ልክ ደም ምን አለ?

የዚያን ቀን ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት በሌላ መንገድ ልሄድ አስቤ ነበር። ጭቃው ቢበዛብኝ ተመለስኩና በአባ ልክ ሱቅ በር አለፍኩ። ይህን የምተርከውን ክርክር ያገኘሁት በጭቃ ምክንያት ነው።

አባ ልክ ሶፋ ሠሪ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የማውቀው ሌላ ነው፤ ክርክር ገጥመው ተሸንፈው አያውቁም። ቢሸነፉም አያውቁትም።

ስደርስ አንዲት ወጣት አፍና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍና፣ ሁለት እጆቿን ዘርግታ የሱቁን በር ዘግታለች። የእህታቸው ልጅ ናት፤ በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ትሠራለች። ከውስጥ አባ ልክ ጥቅል ጨርቅ ተሸክመው ቆመዋል። ፊታቸውና አንገታቸው በቀይ ሽፍታ ተውጧል።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ከዚህ በር አይወጡም!»

«ከገዛ ሱቄ?»

«ከገዛ ሱቅዎ።»

አባ ልክ እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «መምህር፣ እንኳን መጡልኝ! እስቲ ፍረዱን። እኔ ለደንበኛ ጨርቅ ላደርስ ነው፤ ይቺ ደግሞ ኩፍኝ ይዞዎታል ብላ አሰረችኝ።»

ሰላም ልላቸው ጠጋ ስል ልጅቱ ጮኸች፤ «እዚያው ይቁሙ መምህር! ኩፍኝ በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው።» እውነቱን ለመናገር ከሚገባው በላይ አፈገፈግኩና የሸሸሁት ጭቃ ውስጥ ገባሁ።

«ኩፍኝን እኔ በልጅነቴ ጨርሻለሁ» አሉ አባ ልክ። «እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጨለማ ክፍል አስተኝታ፣ ጎረቤት እንዳይገባ ከልክላ አስታማኛለች። ኩፍኝ ደግሞ አንዴ የያዘውን ሰው ተመልሶ አይዝም። ይህን አንቺም አትክጂውም።»

«አልክደውም፤ እውነት ነው።»

«ሰሙ መምህር? አመነች! በይ ዞር በይ።»

«እውነት የሚሆነው ግን ያን ጊዜ የያዘዎት ኩፍኝ ከነበረ ነው። ኩፍኝ ለመሆኑ ማን መሰከረ?»

«እናቴ!»

«ታዲያ ይሄ ሽፍታ ምንድን ነው?»

«ማስቲሽ! አዲሱን ማስቲሽ ከከፈትኩ ጀምሮ ቆዳዬን ይበላኛል፣ ዓይኔን ያስለቅሰኛል።»

«ትኩሳቱስ?»

«ንዴት ነው። አንቺን ሳይ ይብሳል።»

«ሳሉስ?»

«ጉንፋን።»

«ማስቲሽ፣ ንዴትና ጉንፋን በአንድ ጊዜ?»

«ምን ላድርግ? እንግዳ ሲመጣ ተጠራርቶ ነው።»

ፍርዱ ለእኔም ቸገረኝ። በዚያ ሰሞን በሰፈሩ ኩፍኝ ገብቶ ሕፃናት ይታመሙ ነበር፤ ስለዚህ የልጅቱ ስጋት ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ሽማግሌውም ቢሆኑ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማስቲሽ መሐል የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለቱም በዓይናቸው ያዩት ያው አንድ ሽፍታ ነው፤ እያንዳንዳቸው ግን የየራሳቸውን አነበቡበት።

«እንግዲያው እርስዎም እኔም ዝም እንበልና ደምዎ ይናገር» አለች ልጅቱ።

አባ ልክ ሳቁ። «ደም ምን አፍ አለው? ቀይ ነው፤ ያውቃል ቢባል መፍሰስ ነው የሚያውቀው።»

«ጋሼ፣ አንድ ሰው አሮጌ ሶፋ አምጥቶ ‹ከተሠራ ጀምሮ ተፈትቶ አያውቅም› ቢልዎት ቃሉን ያምናሉ?»

«እኔ? ገልብጬ ስፌቱን ሳላይ? ሰው ይዋሻል፣ ክር አይዋሽም!»

«ክሩን አይተው ምን ይለያሉ?»

«ምን አይለይም! የድሮ ክር ይወይባል። ትናንት የተሰፋ ከሆነ ደግሞ ክሩ ገና ያብረቀርቃል፤ መርፌው የገባበት ቀዳዳ እንኳ…» አሉና ድንገት ቆሙ። ወዴት እየተወሰዱ እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል።

«ደምም እንዲሁ ነው» አለች ቶሎ ብላ። «ኩፍኝ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ደም ተከላካዮች ያሰማራል። መጀመሪያ የሚወጡት አዲሶቹ ናቸው፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ይበተናሉ። እነሱን ካገኘን በሽታው የአሁን ነው። ኋላ የሚመጡት ግን ዕድሜ ልክ ዘብ ይቆማሉ። እነሱን ብቻ ካገኘን፣ ወይ ድሮ ይዞዎታል ወይ ተከትበዋል፤ አይፈሩም።»

«ሁለቱም ከሌሉስ?»

«ያኔ ቤቱ ዘበኛ የለውም ማለት ነው።»

በዚህ መሐል ነፍሰ ጡር የሆነች ልጃቸው ከጓዳ ብቅ አለች። የእህታቸው ልጅ እንዳትጠጋ በእጇ ምልክት ሰጠቻት፤ እሷም የጓዳውን በር ይዛ ከሩቅ ቆመች።

«አባዬ» አለች ሆዷን ደግፋ፣ «እኔስ? ትናንት ማታ አጠገብህ ተቀምጬ ነው ያመሸሁት። ተከትቤ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

የእህታቸው ልጅ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ነፍሰ ጡርን ኩፍኝ ከያዛት ለእሷም ለፅንሱም አደጋ ነው፤ ፅንሱ ሊጨነግፍ፣ ያለ ጊዜውም ሊወለድ ይችላል። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም። መከላከያ እንደሌላት በጊዜ ካወቅን ግን ሐኪሞቹ የሚያደርጉላት ሌላ እርዳታ አለ። ካመለጠ አመለጠ ነው።»

አባ ልክ ጥቅሉን ከትከሻቸው አወረዱ። ሽፍታው በሌለበት ቦታ ሁሉ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ለምን ከዚህ አልጀመርሽም?» አሉ። «ስለ ክር ስታወሪ ጊዜ ፈጀሽ።»

አባ ልክ ጤና ጣቢያ የገቡት፣ ሰው በማይበዛበት በጓሮው በር፣ ማስክ አድርገው ነው። እኔ ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ነፍሰ ጡሯን አጅቤ በዋናው በር ገባሁ። የሽማግሌው ድምፅ ግን ከግድግዳው ማዶ ጥርት ብሎ ይሰማን ነበር።

«ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዘው የሚውሉ ሰው መርፌ ይፈራሉ?»

«እኔ የያዝኩትን አልፈራም። የምፈራው ሌላ ሰው የያዘውን ነው።»

«ጨርሻለሁ እኮ።»

«ጨረስሽ? ታዲያ ምን ያስጮኸኛል?»

ከሁለቱም ደም ተወሰደ። የልጃቸው መልስ ቀድሞ መጣ፤ ዘበኞቹ በደሟ ውስጥ በቦታቸው አሉ፣ ለኩፍኝ አትሰጋም። አባ ልክ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ብዙ ቆዩ። ዓይናቸውን ያስለቀሳቸው ያን ጊዜም ማስቲሹ እንደነበረ አጥብቀው ይናገራሉ።

በእሳቸው ደም ውስጥ ደግሞ የአዲሶቹ ተከላካዮች ምልክት አልታየም።

«አላልኩም?» ብለው ዘለሉ። «ማስቲሽ ነው አላልኩም?»

«ይቀመጡ ጋሼ። ሽፍታው ገና ትናንት ነው የወጣው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተከላካዮቹ ገና ስላልበዙ ምርመራው ሊስታቸው ይችላል። ጥቂት ቀን ቆይተን ደግመን እንወስዳለን። እስከዚያው ከክፍልዎ አይወጡም።»

«ደግመን? የፊተኛውን ምን አደረግሽው?»

እነዚያ ቀናት ለአባ ልክ እንደ ዓመት ረዘሙባቸው። ምግባቸው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣል፤ እኔም ከሥራ ስመለስ ከመስኮቱ ራቅ ብዬ እቆምና እንጨዋወታለን። መቼም ሰው ለሰው የሚያደርገው ነገር ሁሉ መሮጥና መሸከም አይደለም። አንዳንዴ ዝም ብሎ ቤት መቀመጥም ውለታ ነው፤ ለአባ ልክ ከባዱ ግን «ዝም ብሎ» የሚለው ነበር።

በቀጠሮው ቀን ደማቸው በድጋሚ ተወሰደ። መልሱን የእህታቸው ልጅ ይዛ መጣች፤ እኔም እንደ ልማዴ በመስኮቱ በኩል ነበርኩ። ሽፍታው ከስሟል፤ ትኩሳቱም ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ እውነት እርስዎ ጋ ነበረች። ኩፍኝ አይደለም። ማስቲሹ ከጉንፋን ጋር ተባብሮ ነው ያሳሳተን። እኔ ተሳስቻለሁ።»

አባ ልክ በዝግታ ተነሡ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ንግግር ሊያደርጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግን አልጨረስኩም» አለች። «የድሮዎቹ ዘበኞችም የሉም። በሁለቱም ጊዜ አላገኘናቸውም። ኩፍኝ ይዞዎት አያውቅም ማለት ነው።»

«እናቴን ሐሰተኛ ልታደርጊያት?»

«እኔ እንጃ። እማዬን እንጠይቃት።»

ታላቅ እህታቸው ያሉት ሌላ ከተማ ነው። ስልኩ ተደወለ፤ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ተደረገ። ጥያቄው ገና ሳያልቅ ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሱ።

«ምን ኩፍኝ! ዶሮ ቤት ገብቶ አድሮ ቁንጫ ነው የበላው! ሰውነቱ ተዥጎርጉሮ ሲመጣ እናታችን ‹ጎረቤት ቁንጫ በላው ብሎ ከሚስቅብን› ብላ ኩፍኝ ነው አለች። ጨለማ ክፍል የዘጋችበትም ለሱ ብላ አይደለም፤ ሰው እንዳያይባት ነው።»

አባ ልክ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኩበት ምሽግ በቁንጫ ተናደ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ስንት የታመመ ልጅ ‹እኔ አይዘኝም› ብዬ አቅፌ አስታምሜያለሁ። የጠበቀኝ እግዚአብሔር ብቻ ነው ለካ።» ከዚያ የእህታቸውን ልጅ ቀና ብለው አዩ። «ይህ ሁሉ ከእኔ ደም ተገኘ?»

«ከጠብታው ጋሼ።»

«ክትባቱስ ለሽማግሌ ይሆናል?»

«ሐኪሙ ይይዎትና፣ ካገገሙ ይሆናል።»

«በይ ሀሳቤን ሳልቀይር ሂጂና አስፈቅጂልኝ።»

ተከተቡ። ከዚያ ወዲያ የገጠማቸው ችግር ዝም አለማለት ሆነ። ሶፋ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ደሙ ሳይጠየቅ አይወጣም። የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ «እኔንኮ በልጅነቴ ይዞኛል» ቢላቸው፣ «ማን አየ? ክርህን ገልብጠህ አይተሃል?» ብለው ገላመጡት፤ ሰውዬው እስካሁን የምን ክር እንደሆነ አልገባውም። በመጨረሻ የእህታቸው ልጅ ልትገስጻቸው መጣች። «ጋሼ፣ የሰውን ሁሉ ደም ማስመርመር አይሆንም! ምርመራው የሚያስፈልገው የሚያጠራጥር ሽፍታ ለወጣበትና ሐኪም ላዘዘለት ነው። ሕፃናትን ግን በጊዜያቸው ማስከተብ ነው፤ ምንም ክርክር አያሻውም።» እሳቸውም «ያለ ክርክር የሚሆን ነገር መኖሩን ዛሬ ሰማሁ» አሏት።

እኔም በመምህርነቴ አንድ ቃል ብጨምር አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ዓይን ሽፍታን ያያል፤ ምክንያቱን ግን አያይም። ‹በልጅነቴ ይዞኛል› ማለትም ከእናት የተወረሰ ወሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ደሙን ያስመረመረ ሰው ታሞ ከሆነ ሌላውን ከማስያዝ ይድናል፤ ባይታመምም የጎደለውን አውቆ ይሞላል። አባ ልክ የኋለኛውን አገኙ፤ በሦስት መርፌና በአንድ ጩኸት።

ልጃቸው በሰላም ተገላገለች። ሕፃኑ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከእናቱ በወረሳቸው ዘበኞች ከተጠበቀ በኋላ የራሱ የኩፍኝ ክትባት ቀን ደረሰ፤ አያቱም ማንም አይይዘውም ብለው ራሳቸው ታቅፈውት ሄዱ። ነርሷ መርፌውን ስታነሣ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«አለቀ?» አሉ ቆይተው።

«አለቀ አባቴ።»

«ምስኪን! እንዴት አድርጎ ጮኸ!»

«እሱ አልጮኸም» አለች ነርሷ። «እርስዎ ነዎት።»